የተሰነጠቀ የእንጨት ገበቴ፦ መቼ ይደፈናል፣ በምን ይቀባል

ሐዋሳ ላይ የእንጨት ገበቴ የሚሰነጠቅበት ወቅት ይታወቃል። ክረምቱን ሙሉ የሐይቁን ዳር እርጥበት ሲጠጣ የከረመ እንጨት፣ ዝናቡ ጥቅምት ላይ ሲያባራ መድረቅ ይጀምራል። ታኅሣሥና ጥር ላይ ፀሐይና ነፋሱ ሲበረቱ ከከንፈሩ ተነሥቶ ወደ ታች የሚወርድ ቀጭን መስመር ብቅ ይላል። ባለቤቱ ከሱቅ ሱፐር ግሉ ገዝቶ ይሞላዋል፣ በብርጭቆ ወረቀት ያሸዋል፣ ቫርኒሽ ይቀባዋል፤ ገበቴው ለጥቂት ወራት አዲስ መስሎ ይቀመጣል። በልጉ ሲመለስ ግን ከተደፈነው ስንጥቅ ጎን ሌላ ይወጣል፣ ቫርኒሹም ይላጣል። ብዙ ሰው በሙጫው ያሳብባል። ሙጫውስ ሥራውን ሠርቷል፤ የተሳተው ጊዜው ነው። እንጨቱ ገና እየተንቀሳቀሰ ሳለ ተደፈነ።

ስለዚህ የገበቴ ጥገና የመጀመሪያው መሣሪያ የወጥ ቤት ሚዛን ነው። ከሚዛኑ ቀጥሎ አንድ ጥያቄ ይመጣል፦ ይህ ገበቴ ምን ይቀርብበታል? ቆሎና ፍራፍሬ ከሆነ ምርጫው ሰፊ ነው። ትኩስ ወጥ ወይም ገንፎ ከሆነ ሙጫውም ቅቡም ይለያል። ይህ ሳይወሰን የተገዛ ሙጫ አብዛኛውን ጊዜ ትርፉ ልፋት ነው።

ስንጥቁ ከየት ይመጣል

እንጨት ሲቆረጥ ሁለት ዓይነት ውሃ ይዟል። አንዱ በቃጫው ባዶ ቦታ ውስጥ ያለው ነው፤ እሱ ሲወጣ እንጨቱ ክብደቱ ይቀንሳል እንጂ አይጠብም። ሌላው በቃጫው ግድግዳ ውስጥ የተያዘው ነው። የእንጨቱ እርጥበት ከ30 በመቶ ገደማ በታች ሲወርድ ይህኛው መውጣት ይጀምራል፤ እንጨት የሚኮማተረው ያኔ ነው። መኮማተሩም በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይደለም። በቃጫው ርዝመት ከቁጥር አይገባም፤ ከግንዱ እምብርት ወደ ቅርፊቱ በሚወስደው አቅጣጫ ይታያል፤ የዕድሜ ቀለበቶቹን ተከትሎ ደግሞ የዚያ እጥፍ ገደማ ይሆናል። ክብ ሆኖ የተጠረበ ገበቴ ደርቆ ሞላላ የሚሆነው ለዚህ ነው።

እንጨቱ ሁሉም በአንድ ጊዜ ቢኮማተር ኖሮ ያንስ ነበር እንጂ አይሰነጠቅም ነበር። ገበቴውን ከላይ ስታዩት ከንፈሩ ላይ ቃጫው ተቆርጦ ጫፉ የሚታይባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ፤ ፊት ለፊት ይተያያሉ። በእነዚህ ቦታዎች ውሃው በጎን በኩል ከሚወጣው አሥር እጥፍና ከዚያም በላይ ፈጥኖ ይወጣል። ጫፉ ደርቆ ለመጥበብ ይታገላል፣ ውስጡ ገና ውሃ ይዞ አልጠብም ይላል፤ በመካከል ቃጫው ይለያያል። የከንፈር ስንጥቅ ስታገኙ መነሻው ከእነዚህ ሁለት ቦታዎች አንዱ መሆኑን አረጋግጡ። ሌላ ቦታ ከሆነ ምክንያቱ ሌላ ነው፤ ወይ ገበቴው ወድቋል፣ ወይ ጉጥ አለበት፣ ወይ ጠራቢው የግንዱን እምብርት ሳያስወግድ ገበቴው ውስጥ አስቀርቶታል። እምብርቱ መቀመጫው ላይ የቀረ ገበቴ ከመሃል ወደ ዳር እንደ ጨረር የተበተኑ ስንጥቆች ያወጣል። ይህን ምንም ሙጫ አያቆመውም።

ልኩን በቁጥር እንየው። መካከለኛ ጠባይ ያለው እንጨት ከሙሉ እርጥበት እስከ ፍጹም ድርቀት ድረስ በቀለበቱ አቅጣጫ 8 በመቶ ያህል ይኮማተራል፤ ለእያንዳንዱ 1 በመቶ የእርጥበት ለውጥ ሩብ በመቶ ገደማ ማለት ነው። የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት 75 በመቶ ሆኖ ሲቆይ እንጨት 14 በመቶ አካባቢ ውሃ ይዞ ይረጋል፤ አየሩ ወደ 50 በመቶ ሲወርድ እንጨቱ ወደ 9 በመቶ ይወርዳል። ስፋቱ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ገበቴ በዚህ ልዩነት ብቻ እስከ 4 ሚሊ ሜትር ሊጠብ፣ ተመልሶም ሊሰፋ ይችላል። በዚህ ልክ የሚንቀሳቀስ እንጨት ውስጥ ስቱኮ መሙላት ትርጉም የለውም፤ ስቱኮ ደርቆ ግትር ይሆናል፣ እንጨቱ ሲሰፋ ይፈረፈራል፣ ሲጠብ ተነቅሎ ይወድቃል።

የእንጨቱ ዓይነት ብዙ ይወስናል። ዋንዛ ከአገራችን እንጨቶች ለገበቴ የተመረጠው በከንቱ አይደለም፤ ሲደርቅ ብዙ አይንቀሳቀስም፣ ለመሮ ይመቻል፣ ቡናማው የውስጥ እንጨት ምስጥ ይቋቋማል። የዳሩ ነጩ እንጨት ግን ነቀዝ ስለሚወደው ለገበቴ ባይገባ ይሻላል። ወይራ ከባድና ቅባታም ነው፤ በዝግታ ካልደረቀ ይሰነጠቃል፣ ሙጫም በቀላሉ አይዘውም። ባሕር ዛፍ በየቦታው ይገኛል፣ ሲደርቅ ግን ከሁሉም በላይ ይጣመማል፣ ይተረተራል። ግራቪሊያ በሲዳማ ጓሮዎች ሞልቷል፣ መልኩም ያምራል፤ ሰጋቱራው ግን የአንዳንድ ሰው ቆዳ ያሳክካል፣ ስለዚህ ጓንትና የአፍንጫ መሸፈኛ ሳታደርጉ አትሹት። ጥድ ሽታውን ለምግብ ያጋራል፤ ለጌጥ እንጂ ለማዕድ አልመርጠውም። ዋንዛ ስትገዙ ደግሞ ከየት እንደተቆረጠ ጠይቁ። ዋንዛ፣ ጥድ፣ ዝግባና ኮሶ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ በ1986 ዓ.ም. በወጣው የደን አዋጅ ተከልክለው ነበር፤ በቡናና በእንሰት ጓሮ ለጥላ ተተክሎ ያደገ ዋንዛ ግን በአካባቢያችን አለ።

መድረቁን በሚዛን ማወቅ

ገበቴው የተሰነጠቀው አዲስ ሳለ ከሆነ ምንም አትቀቡት፣ ምንም አትሙሉበት። ፀሐይ በማያገኘው፣ ቀስ ያለ አየር በሚዘዋወርበት ክፍል፣ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት። በየ7 ቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት መዝኑትና ቁጥሩን ከመቀመጫው ሥር በእርሳስ ጻፉ። 1200 ግራም የሚመዝን ገበቴ በሁለት ተከታታይ ሳምንታት መካከል ለውጡ ከ5 ግራም ካነሰ ከክፍሉ አየር ጋር ተስማምቷል። በእጅ ዳብሶ ደርቋል ማለት አይበቃም፤ ላዩ ደርቆ ውስጡ 20 በመቶ ውሃ ሊይዝ ይችላል።

ትክክለኛውን እርጥበት ማወቅ የሚፈልግ ሰው ከዚያው ግንድ የተረፈ ቁራጭ ያስፈልገዋል። ቁራጩን መዝኑ፤ በ103 ዲግሪ አካባቢ ምድጃ ውስጥ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም አድርቁና እንደገና መዝኑ። ልዩነቱን ለደረቀው ክብደት አካፍላችሁ በ100 አባዙ። 58 ግራም የነበረው 50 ግራም ላይ ከቆመ እርጥበቱ 16 በመቶ ነበር ማለት ነው፤ ያ ለጥገና ገና ነው። ከ10 እስከ 12 በመቶ ሲሆን መጀመር ይቻላል።

አንድ የሚያታልል ነገር አለ። የተሰነጠቀ ገበቴ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ሲያድር ስንጥቁ ይዘጋል፤ አንዳንድ ሰው ይህን አይቶ እንደተዘጋ ሙጫ ያፈስበታል። እንጨቱ ተመልሶ ሲደርቅ ወይ ሙጫው ይለቃል ወይ አጠገቡ ይቀደዳል። በተቃራኒው ስንጥቁ በጣም በሰፋበት በየካቲት ድርቀት በግትር ነገር ግጥም አድርጎ መሙላትም ጉዳት አለው፤ ዝናብ ሲመጣ እንጨቱ የሚሰፋበት ቦታ ያጣል። ለሐዋሳ አየር እኔ የምመርጠው ኅዳርን ነው፤ ክረምቱ የወጣ፣ ድርቀቱ ጫፍ ያልደረሰ ጊዜ ነው። ገበቴው ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ድሬዳዋ የሚሄድ ከሆነ እዚያ ቤት ውስጥ ለጥቂት ሳምንታት ካረፈ በኋላ ቢጠገን የተሻለ ነው።

ፀጉር መሰሉ ስንጥቅ

ጥፍር የማይገባበት፣ ከግማሽ ሚሊ ሜትር የቀጠነ ስንጥቅ የሱፐር ግሉ ሥራ ነው። በጣም ቀጭኑን፣ እንደ ውሃ የሚፈሰውን ዓይነት ፈልጉ፤ ወፍራሙ ላዩ ላይ ደርቆ ይቀራል እንጂ ወደ ውስጥ አይገባም። በመጀመሪያ አቧራውን በአየር አስወጡ፤ የብስክሌት ፓምፕ ይበቃል፣ ካልሆነ ሰፈር ያለ ጎሚስታ ጋ በአንድ ደቂቃ ያልቃል። በአፍ አትንፉ፣ ምራቅ ይገባል። ከዚያ ስንጥቁ ወደ ውስጥ ካለፈ በውስጥ በኩል የወረቀት ፕላስተር ለጥፉ፣ በውጭ በኩል ደግሞ ከስንጥቁ ግራና ቀኝ አንድ አንድ መስመር። ይህን የዘለለ ሰው በኋላ ዘይት ሲቀባ ሙጫው የነካው ቦታ ሁሉ ዘይት እንቢ ብሎ የነጣ ጥላ ሆኖ ያገኘዋል፤ በብርጭቆ ወረቀት ለማጥፋትም አንድ ሚሊ ሜትር ያህል መብላት ይጠይቃል።

ስንጥቁን ሽቅብ አድርጋችሁ ሙጫውን ጠብ እያደረጋችሁ ከታችኛው ጫፍ ወደ ከንፈሩ ሂዱ። ስቦ ይጠጣል። 10 ደቂቃ ጠብቁና ድገሙት፤ መጠጣቱን እስኪያቆም። የተረፈውን በጥጥ ጨርቅ ለመጥረግ አትሞክሩ፦ ሱፐር ግሉ ከጥጥ ጋር ሲገናኝ በኃይል ይሞቃል፣ ይጨሳል፣ እጅ ያቃጥላል። በፕላስቲክ ቁራጭ ፋቁት። ጣት ከተጣበቀ የጥፍር ቀለም ማጥፊያ ያላቅቃል።

ግማሽ ሚሊ ሜትር እስከ ሁለት ሚሊ ሜትር የሆነውን በሙጫ ብቻ መሙላት አይሆንም፤ ዱቄት ይፈልጋል። ከዚያው እንጨት በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት የወጣ ደቃቅ ሰጋቱራ ወደ ስንጥቁ ጠቅጥቁ፣ ከ3 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ሳያልፍ ሙጫ አንጠባጥቡ፣ ሲደርቅ ቀጣዩን ንብርብር። በአንድ ጊዜ እስከ አፉ ጠቅጥቆ ከላይ ማፍሰስ ላዩን ያጠነክርና ሥሩን ዱቄት አድርጎ ይተወዋል፤ ከወራት በኋላ ተሸርፎ ይወጣል። ሰጋቱራ ከሙጫ ጋር ሲገናኝ ከእንጨቱ ይልቅ በሁለት ደረጃ ይጠቁራል። ስለዚህ መልኩን ለማመሳሰል ከመድከም ሆን ብሎ ማጥቆር ይበልጣል። ተወቅጦ በወንፊት የተነፋ ከሰል ጥርት ያለ ጥቁር ይሰጣል። የቡና አተላም ለዋንዛ ቡናማ እጅግ ይስማማል፤ ግን ፀሐይ ላይ በሚገባ የደረቀ ይሁን።

ሰፊው ስንጥቅ

ከሁለት ሚሊ ሜትር በላይ የተከፈተ የከንፈር ስንጥቅ በእንጨት ነው የሚሞላው። ቀጭን መጋዝ ስንጥቁን ተከትሎ ያልፍበትና ሁለቱ ግድግዳዎች ቀጥ ይላሉ፤ የተሰበሰበ ቆሻሻም አብሮ ይወጣል። ከዚያው ዓይነት ደረቅ እንጨት ወደ አንድ ወገን የሚቀጥን ስንጣሪ አዘጋጁ። የስንጣሪው ቃጫ ከገበቴው ቃጫ ጋር በአንድ አቅጣጫ መሮጥ አለበት፤ አግድም ከሆነ አንዱ ሲጠብ ሌላው አይጠብም፣ በመጀመሪያው በጋ ይላቀቃሉ። ስንጣሪው በአውራ ጣት ግፊት የሚገባ ይሁን። በመዶሻ የሚገባ ከሆነ ሽብልቅ ሆኗል፣ ሽብልቅ ደግሞ ስንጥቁን ያስረዝመዋል።

ሙጫው ነጭ ኮላ ነው፤ ግን ውሃ የሚቋቋመው፣ ማሸጊያው ላይ ዲ3 (D3) የሚል ያለበት። ተራው ኮላ ለወንበር ይሆናል፣ ለሚታጠብ ገበቴ አይሆንም። ከተጠራጠራችሁ ሁለት ቁራጭ አጣብቁ፣ ከ24 ሰዓት በኋላ ለአንድ ቀን ውሃ ውስጥ ንከሩ፣ ከዚያ ለመለያየት ሞክሩ። ኮላው በሲሪንጅ ወደ ጥልቁ ይገባል። ክብ ነገር በሞርሳ አይታሰርም፤ የብስክሌት ካላማዳሪያ በቁመቱ ተሰንጥቆ በከንፈሩ ዙሪያ ሦስት አራት ጊዜ ተወጥሮ ሲጠመጠም ከየትኛውም ሞርሳ የተሻለ እኩል ግፊት ይሰጣል። አለመጠን አትወጥሩት፤ ኮላው ሁሉ ይወጣና መገጣጠሚያው ደረቅ ይቀራል። ለአንድ ቀን ይቆይ። ትርፉ በመሮ ተላጭቶ ይስተካከላል።

ስንጥቁ ረጅም ከሆነ በውጭ በኩል የቢራቢሮ ቁልፍ ይጨመርበታል፤ መሃሉ የቀጠነ፣ ሁለቱ ጫፎቹ የሰፉ ጠንካራ እንጨት ነው፣ ወይራ ለዚህ የሚወዳደረው የለም። ለ12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ግድግዳ ርዝመቱ 30፣ ጫፉ 12፣ ወገቡ 6፣ ጥልቀቱ 4 ሚሊ ሜትር ይበቃል፤ ከግድግዳው አንድ ሦስተኛ አይለፍ። የቁልፉ ቃጫ ስንጥቁን አቋርጦ ይሮጣል፣ ጥንካሬውም ከዚህ ነው። ግን ቁልፉ በርዝመቱ ስለማይኮማተር፣ ገና ባልደረቀ ገበቴ ላይ ከገባ እንጨቱን ይዞ አላንቀሳቅስ ይላል፤ አዲስ ስንጥቅ ከቁልፉ ጫፍ ይነሣል። በሚዛን ያልተረጋገጠ ገበቴ ላይ ቁልፍ አትክተቱ የምለው ለዚህ ነው። ወይራን ለማጣበቅ ደግሞ የሚነካውን ፊት በአሴቶን ጠርጋችሁ፣ በንኖ እንዳለቀ በ15 ደቂቃ ውስጥ ሙጫ ቀቡ፤ ከቆየ የራሱ ቅባት ተመልሶ ይወጣል።

ሙጫ የማይዛቸው ገበቴዎች አሉ፤ ለዓመታት ቅቤ የጠጡት። በአሴቶን ላዩን ማጽዳት ይቻላል፣ ከውስጥ የሚመጣውን ግን አይቻልም። ለእነሱ መስፋት ነው መፍትሔው፤ ቅልና የእንጨት ዕቃ መስፋት ድሮም የነበረ እጅ ነው፣ ተሰፍቶ የቆየ ገበቴም ካልተሰነጠቀው ይልቅ ለዓይኔ ያምራል። ከስንጥቁ በሁለቱም ወገን ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ርቀት ላይ፣ በየ15 እስከ 20 ሚሊ ሜትሩ ጥንድ ቀዳዳ በ2 ሚሊ ሜትር ፑንታ ይበሳል። ከዚህ ቢቀርብ የቀዳዳው ግድግዳ ይቀደዳል። ስንጥቁ የሚያልቅበት ጫፍ ላይም አንዲት ቀዳዳ በስታችሁ በቀጭን የወይራ እንጨት ድፈኗት፤ ስንጥቁ ወደ ፊት እንዳይሮጥ ታግዛለች። በቀዳዳዎቹ ውስጥ ውሃ ውስጥ ያደረ ጠፍር ይገባል። ጠፍር ሲደርቅ ስለሚያጥር ስንጥቁን ራሱ ይሰበስበዋል፤ ስለዚህ እርጥብ ሳለ መወጠር እንጂ ማነቅ አያስፈልገውም። ጠፍሩ ውሃ ከጠገበ እንደገና ይላላል፤ የተሰፋ ገበቴ ለቆሎ፣ ለዳቦ፣ ለፍራፍሬ ነው። ከኤሌክትሪክ ገመድ የወጣ መዳብም ይሰፋል፣ መልኩም ደስ ይላል፤ ሎሚ፣ ቲማቲም ወይም እርጎ ከሚነካው ቦታ ግን አርቁት፣ መዳብ ከጎምዛዛ ነገር ጋር አረንጓዴ ዝገት ያወጣል፣ ለጤናም አይሆንም።

ስለ ኢፖክሲ፣ ከሁለት ቱቦ ተደባልቆ ስለሚጠነክረው ሙጫ፣ ብዙ ስለሚጠየቅ፦ ሰፊ ጉድጓድና የጉጥ ቀዳዳ ለመሙላት ጥሩ ነው። ሁለቱ ቱቦዎች በማሸጊያው ልክ በትክክል ካልተደባለቁ ግን ለዘላለም ይለጠጣል። በ5 ደቂቃ የሚደርቀው ዓይነት ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ላይ መለስለስ ይጀምራል፤ ሱፐር ግሉም 80 ዲግሪ አካባቢ ይዳከማል። ውሃ በሐዋሳ ከፍታ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ከምድጃ የወረደ ወጥ ከዚያ ብዙም አይርቅም። ለትኩስ ምግብ የሚውል ገበቴ ውስጡ በሙጫ የተደፈነ እንዳይሆን የምለው በዚህ ነው። መቀመጫው ድረስ የዘለቀ ስንጥቅ ያለበት የወጥ ገበቴ ሥራውን ይቀይር፤ የፍራፍሬ ይሁን።

ቅቡ

ከቅቡ በፊት ማለስለሱ አለ። ከ80 ቁጥር ጀምራችሁ 120፣ 180፣ 240 ውጡ። ቁጥር አትዝለሉ፤ የ80 ጭረት በ240 አይጠፋም፣ ዘይት ሲነካው ደግሞ ጎልቶ ይወጣል። 240 ላይ ስትደርሱ ገበቴውን በእርጥብ ጨርቅ አብሱና ለአንድ ሌሊት ተዉት። ላዩ ይሻክራል፤ ተጨፍልቆ የተኛው ቃጫ ቆሞ ነው። በ320 ቀለል አድርጋችሁ አጥፉት። ይህ ካልተደረገ በመጀመሪያው እጥበት ገበቴው ሻካራ ይሆናል።

በየቀኑ ለሚሠራበት ገበቴ ምርጫዬ የተልባ ዘይት ነው፤ እንጨቱ ውስጥ ገብቶ አየር ጋር ተገናኝቶ ይጠነክራል፣ ሲያረጅ በላዩ መድገም ይቻላል። ከዘይት መጭመቂያ ቤት ስትገዙ ንጹሕ መሆኑን ሞክሩ፦ አንድ ጠብታ በመስታወት ላይ በጣት በጣም ቀጭን አድርጋችሁ ዘርጉ፣ ብርሃን ባለበት አስቀምጡ። ንጹሕ ተልባ በሳምንት አካባቢ ይደርቃል። ከዚያ አልፎም የሚያጣብቅ ከሆነ ወይ ከሌላ ዘይት ተቀላቅሏል ወይ አርጅቷል። ከቀለም መሸጫ ሱቅ የሚገኘው ቶሎ የሚደርቀው የተልባ ዘይት የብረት ማድረቂያ ኬሚካል ስለሚገባበት ለማዕድ ዕቃ አልገዛውም። ኑግ ከተልባ ያነሰ የመድረቅ ጠባይ ስላለው ለወራት እያጣበቀ አቧራ ይሰበስባል። የፓልም ዘይትና የወይራ ዘይት ጭራሽ አይደርቁም፣ ይከረፋሉ።

አቀባቡ፦ ዘይቱን በሞቀ ውሃ ውስጥ ባለ ጠርሙስ ለብ አድርጉ፣ በጨርቅ ቀቡ፣ የቃጫው ጫፍ ያለበት ቦታ ስለሚጠጣ ደጋግሙለት። ለ25 ሴንቲ ሜትር ገበቴ የመጀመሪያው ዙር እንደ እንጨቱ ከ20 እስከ 40 ሚሊ ሊትር ይወስዳል። ከ30 ደቂቃ በኋላ ያልተጠጣውን ሁሉ በደረቅ ጨርቅ አንሡ፤ እጅ ሲነካው እርጥበት አይሰማው። ይህች እርምጃ ናት ብዙ ገበቴ የምታበላሸው፤ የተረፈ ዘይት እንደ ማር የሚያጣብቅ ቆዳ ያበጃል። ከሆነ በኋላ አዲስ ዘይት በደቃቅ የብረት ሱፍ እያሻችሁ አለስልሳችሁ ጥረጉት። ከ3 እስከ 4 ቀን እየጠበቃችሁ አራት ወይም አምስት ዙር ቀቡ፣ ከዚያ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ጥላና አየር ባለበት ይቆይ። የዘይት ሽታው ሲጠፋ ደርሷል። ቶሎ ይድረቅ ብላችሁ ቀጥታ ፀሐይ ላይ ካወጣችሁት ስንጥቁ ይመለሳል። ተልባ እንጨት ያጨልማል፣ ያቢጫል፤ ዋንዛን ያሳምረዋል፣ ነጣ ያለ እንጨትን ግን መልኩን ይለውጠዋል።

ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨብጦ ጥግ ላይ ከተጣለ ራሱን በራሱ ያሞቅና ይነዳል። ሰጋቱራ ባለበት ክፍል ይህ ከባድ አደጋ ነው። ጨርቁን ውጭ ሽቦ ላይ ዘርግታችሁ አድርቁ፣ ወይም ውሃ ባለበት ቆርቆሮ ውስጥ ንከሩት።

በተልባው ላይ ሰም መጨመር እርጥበት መግባትና መውጣቱን ያዘገየዋል። ጠጅ ቤቶች የሚጥሉት ሰፈፍ ርካሽ ምንጭ ነው፤ በከረጢት ጨርቅ ቋጥራችሁ ሙቅ ውሃ ውስጥ ስትከቱት ሰሙ ተንሳፍፎ ይወጣል፣ ሲቀዘቅዝ እንደ ቂጣ ይነሣል። ሁለት ጊዜ ድገሙት፣ ማርና ቆሻሻው እስኪለቅ። ከዚያ 50 ግራም ሰም በ200 ግራም የተልባ ዘይት፣ ሙቅ ውሃ ውስጥ በተቀመጠ ዕቃ ቀልጦ ይቀላቀላል፤ ቀጥታ እሳት ላይ አይጣድ። ሲቀዘቅዝ ለስላሳ ቅባት ይሆናል፤ በስሱ ቀብቶ መወልወል ነው። ሰም በ62 እና 64 ዲግሪ መካከል ስለሚቀልጥ ትኩስ ወጥ ያነሳዋል፤ ለወጥ ገበቴ ዘይቱን ብቻ ተጠቀሙ።

ሳምንታት መጠበቅ የማይችል ሰው ፋርማሲ የሚሸጠውን የፓራፊን ዘይት ከሰም ጋር በዚያው ልክ አቀላቅሎ መጠቀም ይችላል። አይከረፋም፣ ሽታ የለውም፣ በማግስቱ ይሠራበታል። ነገር ግን አይደርቅም፣ በእጥበት ይወጣል፣ በየወሩ መደገም አለበት፤ አንዴ የገባበት እንጨት ደግሞ በኋላ ሙጫም ቫርኒሽም አይቀበልም።

ቅቤስ? በየቀኑ ለሚታጠብ፣ በየቀኑ ለሚቀባ የገጠር ገበቴ ለዘመናት ሠርቷል። ለሳምንታት መደርደሪያ ላይ ለሚቀመጥ ግን ይከረፋል። በወይራ ጭስ ማጠን ለወተት ዕቃ ሽታውን ያሳምራል፤ ገበቴ ሲታጠን ግን ከፍሙ ራቅ ይበል፣ አንድ ወገኑ ብቻ ከሞቀ ይሰነጠቃል።

ቫርኒሽ ለግድግዳ ጌጥ ነው የምተወው። ላዩ ላይ እንደ ቆዳ ስለሚቀመጥ ቢላዋ ሲጭረው፣ ትኩስ ነገር ሲነካው ወይም እንጨቱ ሲንቀሳቀስ ይሰነጠቃል፤ ውሃ ከሥሩ ይገባና ነጭ እድፍ ያበጃል። ያኔ በከፊል መጠገን አይቻልም፤ ሁሉንም ፍቆ እንደገና መጀመር ነው። የተሰነጠቀ ገበቴ ከውጭ ብቻ ቫርኒሽ ከተቀባ ደግሞ የባሰ ነው፤ በውስጥ በኩል ብቻ ይጠጣል፣ በውስጥ ብቻ ይደርቃል፣ ይጣመማል። የትኛውንም ቅብ ብትመርጡ ውስጡንም ውጭውንም መቀመጫውንም እኩል ቀቡ።

አያያዙ

ለብ ባለ ውሃና በጥቂት ሳሙና ቶሎ ታጥቦ፣ ወዲያው ተጠርጎ፣ በጎኑ ቆሞ ይደርቃል። ተደፍቶ ከተቀመጠ ከንፈሩ እርጥበት ያቁራል። መዘፍዘፍና በረኪና አይደረግበትም። የበርበሬና የእርድ እድፍ ዘይት ባልጠገበ እንጨት ላይ ዘልቆ ይቀራል፤ ጨው ነስንሳችሁ በግማሽ ሎሚ አሹት፣ በውሃ አለቅልቁ፣ ሲደርቅ ያን ቦታ ዘይት ቀቡ። እንደገና መቀባት ያለበት መቼ እንደሆነ ለማወቅ ጥቂት የውሃ ጠብታ ውስጡ አድርጉና አምስት ደቂቃ ጠብቁ። ጠብታው ክብ ሆኖ ከቆየ ቅቡ ደህና ነው። ተዘርግቶ እንጨቱን ካጠቆረው፣ አድርቁትና አንድ ስስ ዙር ተልባ ጨምሩለት፤ በሐዋሳ ይህን ለማድረግ ጥሩው ጊዜ መስከረም መጨረሻ ነው፣ በጋው ሳይገባ።